አረም ነው ያልነው አደይ

በበዓል ሰሞን ስለ ዶሮና ስለ ቅቤ ዋጋ ስናወራ ከርመናል። ዛሬ ደግሞ ኪስ ስለማይነካ ነገር እናውጋ፤ ስለ ደጃፋችን አበባ።

የምንኖረው ለሚ ኩራ ነው፤ ከአያት አደባባይ አለፍ ብሎ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ ምድር ቤት። ክፍለ ከተማው ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. ሲቋቋም እኛ የሰፈሩ ነዋሪ ከሆንን ሰንብተን ነበር። ያኔ ከብሎካችን ጀርባ ሰፊ ሜዳ ነበር። መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። አሁን እዚያ ሜዳ ላይ ሕንፃ ቆሟል። ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ አደይን የምታውቀው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከቄጠማ ጋር መንገድ ዳር ሲሸጥ ብቻ ነው።

እናቴ ከእኛ ጋር መኖር የጀመረችው አምና ነው። አርባ ዓመት የኖረችበት የመሐል ከተማ ሰፈር ሲፈርስ ብዙ ዕቃዋን ለጎረቤትና ለዘመድ አከፋፈለች። ሰው አላስነካ ያለችው ግማሽ ማዳበሪያ የሚሆን የዳሊያ ሥር ነበር፤ ስኳር ድንች የመሰለ። ደጃፋችን ላይ ካለችው ሁለት ሜትር በአራት በማትሞላ ቦታ ላይ ተከለችው።

የሰፈራችንን አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዋልካ ነው፤ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከግንባታ የተረፈ ጠጠርና ስሚንቶ ተቀላቅሎበታል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካኑ ቅድሚያ ለወጥ ቤት ነው። ኅዳር ሳያልቅ ዳሊያው ደረቀ። እናቴንም ጉልበቷ አሟት በጋውን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። አንድ ቀን በመስኮት እያየች፣ «የዚህ ሰፈር አፈር እኔን አያውቀኝም» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ልጆቻችን በፊልምና በመጽሐፍ የሚያዩት የፈረንጅ አበባ በረዶ ሲቀልጥ የሚመለሰውን ነው። የእኛ አበባ ግን የሚደበቀው ከብርድ ሳይሆን ከድርቀት ነው፤ የሚቀሰቅሰውም ዝናብ ነው። አባቶቻችን ዓመቱን ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መጸው አሉት፤ በውስጡም እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ብለው ሰየሙት። ብዙዎቻችን በመስከረም አፋችን ላይ የሚመጣልን ጸደይ በዚህ አቆጣጠር የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ዳሊያም ቢሆን ትውልዱ ከሜክሲኮ ደጋ ነው፤ የክረምት ዝናብና ደረቅ በጋ ካለበት አገር። ደረቀ ብለን ያዘንለት ሥር ለካ አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። ሐምሌ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቡቃያ ብቅ አለ። እናቴም ከዘራዋን ይዛ ደጃፍ መውጣት ጀመረች።

ከዳሊያው ጋር ግን ሌላም ነገር በቀለ። ቀጭን፣ ቅጠሉ የተበጣጠሰ፣ ማንም አይቶ አረም ነው የሚለው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የብሎካችን ኮሚቴ እንደ ልማዱ ለበዓሉ ግቢ ለማጽዳት ገንዘብ ሰብስቦ ማጭድ የያዘ አንድ ወጣት ቀጠረ። እኛ ደጃፍ ሲደርስ እናቴ ወጣች።

«አንተ ልጄ፣ እሱን ተወው። አረም አይደለም፤ አደይ ነው።»

«እማማ፣ ኮሚቴው ሁሉንም እጨድ ብሎኛል።»

ጎረቤቶች መስኮት ላይ ነበሩ። አፈርኩ። «እማዬ፣ ለሣር ብለሽ ከሰው አታጣይን» አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ። «ሦስት ሳምንት ስጡኝ። ካላበበ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ» አለችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ማታ ዘበኛችንን ጠርቼ፣ «ጋሼ፣ ነገ እሷ ሳትነሳ ያጭደው» አልኳቸው። እሳቸውም «እሺ» አሉ። በማግስቱ ግን ሁሉም ታጭዶ ያቺ የእኛ ቁራሽ መሬት ብቻ አልተነካችም። ወጣቱ ረስቶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

እንቁጣጣሽ መጣ፤ አላበበም። እንደ ወትሮው ከመንገድ አንድ እቅፍ ገዝቼ ገባሁ። እናቴ አየችው፤ ምንም አላለችም። ያ ዝምታዋ ከቁጣ ይከብድ ነበር።

በዓሉ ባለፈ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ከደጅ ጮኸች። «እምዬ! እምዬ! ነይ!» ደንግጬ ስወጣ አሥር የሚሆኑ ቢጫ አበቦች ፈክተዋል፤ ከበስተኋላቸው አንድ ቀይ ዳሊያ። ልጄ ጎንበስ ብላ ግንዱን እስከ አፈሩ ድረስ በጣቷ ተከተለችው። «እምዬ፣ ከመሬት ነው እንዴ የሚወጣው?»

እናቴ ሳቀች። እዚህ ቤት ከገባች እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ዘበኛው ከወዲያ ሆነው፣ «እኔም እኮ ገበሬ ነበርኩ፤ አደይን ከአረም ለይቼ አውቃለሁ» አሉና አዩኝ። ያኔ ገባኝ።

የከተማችን ስም ራሱ ከአበባ የመጣ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሟት የታያቸው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያለ አበባ አልነበረም። አሁን ግን በየዓመቱ ሊያብብ ሳምንት ሲቀረው አጭደን ጥለን፣ እሱኑ በገንዘብ ገዝተን እንገባለን።

ለከርሞ ካሰባችሁ እናቴ የነገረችኝን ላካፍላችሁ። አደይ ዘሩን አፍስሶ የሚደርቅ አበባ ነው፤ ስለዚህ አብቦ እንዳለቀ አትንቀሉት። ጭንቅላቱ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ዘሩን አራግፋችሁ በወረቀት አስቀምጡና ሰኔ ላይ በትኑት። የዳሊያውን ግንድ ሲደርቅ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ሥሩን ወይ እዚያው ተዉት፣ ወይ አውጥታችሁ ደረቅና ጥላ ቦታ አኑሩት። ዋልካ አፈር ውሃ ይቋጥራልና ሥሩ እንዳይበሰብስ ፍግና አሸዋ ቀላቅላችሁ መደቡን ከፍ አድርጉት።

ልጄ ለዘሩ የሚሆን ፖስታ ከወዲሁ አዘጋጅታለች። ላዩ ላይ በራሷ እጅ «የእምዬ አደይ» ብላ ጽፋበታለች። እናቴ ደግሞ ኮሚቴውን ከወዲያኛው ብሎክ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ እንዲሰጣት ጠይቃለች፤ እስካሁን መልስ አልሰጧትም። እሷ ግን በቀኑ በዚያ በኩል ትመላለሳለች፤ ጠጠሩን ትለቅማለች።

እኔ የተማርኩት ይህን ነው፤ ነሐሴ ላይ ማጭድ ከመጥራታችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ።

የሳምንት ሰው ይበለን።