ላስት ኔም ፍለጋውን ተዉት፣ አያታችሁን ጠይቁ!

ሰሞኑን ፌስቡኩም ቲክቶኩም «የላስት ኔምህን ምንጭ እወቅ» በሚል ነገር ተጥለቅልቋል። ስምህን ታስገባለህ፣ ካርታ ይዘረጋልሃል፣ ከዚያ «ይህ ስም በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ነው» ይልሃል። ውጭ ያሉ የድሬ ልጆች በውስጥ መስመር እየገቡ «መምህር፣ የኛ ስም ብርቅ ነው ተባልን፤ ምንጩ ከየት ነው? ሌሎቹ ቅርንጫፎች የት ናቸው?» ይሉኛል። ይባስ ብሎ «እንደ ሠለጠነው ዓለም እኛም ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ይውጣልን» የሚሉም አሉ።

አቦ፣ ቆይ!

እኛ ጋ ላስት ኔም የሚባል ነገር የለም። የራስህ ስም፣ የአባትህ ስም፣ የአያትህ ስም፣ አለቀ። ልጅ ስትወልድ የአያትህ ስም ከመታወቂያው ይወርዳል። ውጭ ስንሄድ ግን ፎርሙ ላይ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ባዶ መቅረት የለበትም፣ ስለዚህ አንዱ ወንድም የአባቱን ስም ይሞላበታል፣ ሌላው የአያቱን። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሁለት ልጆች በሁለት «ቤተሰብ» ይመዘገባሉ። በሌላ በኩል ጨርሶ ዝምድና የሌላቸው ሁለት «ተሰማ»ዎች ባንድ ዛፍ ላይ ይንጠለጠላሉ። ብርቅ የተባለውም ስም ብዙ ጊዜ ብርቅ የሆነው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስለተጣመመ ነው። «ፀጋዬ»ን በእንግሊዝኛ አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፈዋል እኮ!

ምሳሌ ልስጣችሁ። ጀርመን አገር የሚኖሩትን ደራሲ ልጅ አስፋወሰን አሥራተን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ለጀርመኖቹ «አሥራተ» የቤተሰብ ስም ነው። አባታቸው ግን ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ናቸው፤ አያታቸው ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ። አገር የሚያውቀው ቤተሰብ በላስት ኔም ብትፈልገው አሥራተ፣ ካሣ፣ ኃይሉ እየተባለ ሦስት የማይተዋወቅ ቤት ሆኖ ይወጣልሃል። የመኳንንቱ እንዲህ ከሆነ የኔና ያንተ ምን ሊሆን ነው?

ፍለጋው የሚሠራላቸው ሰዎች የሉም አልልም። ድሬ ላይ ከኛ ጋር የኖሩትን አርመኖች አስቡ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ካስመጧቸው 40 አርመን ልጆች ጋር የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። የወንድማቸው ልጅ ኔርሰስም ናልባንዲያን ነው፣ እሱም ሙዚቀኛ። ስሙ ራሱ «የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ» እንደማለት ነው። እዚያ ስም ሙያን ይናገራል፣ አጎትና የወንድም ልጅንም ያገናኛል። የኛ ስም ግን ለዚህ አልተሠራም፤ ያልተሠራበትን ሥራ አትጠይቁት።

«ታዲያ በሕግ ይታዘዝ» ለምትሉ፦ ታዟል እኮ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ከ60 ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ተኝቷል፣ ሕዝቡ ዞር ብሎም አላየው። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 በአዋጅ ለሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም አስወጣች። ያ አዋጅ ከዚያ ወዲያ ያለውን ትውልድ ሊያገናኝ ይችላል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ቅድመ አያት ግን አይመልስም። አይስላንድን ደግሞ እዩ። እንደኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት፣ የስልክ ማውጫቸው እንኳ በራስ ስም ነው የሚደረደረው። ግን እ.ኤ.አ. በ1703 የሕዝብ ቆጠራ አድርገው መዘገቡ፣ ዛሬ አንድ አይስላንዳዊ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዘር ሐረጉን ያያል። የጎደለን የቤተሰብ ስም ሳይሆን መጻፍ ነው።

እንጂማ ቆጠራውን እናውቅበት ነበር። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ጎጃምና ጎንደር ርስት የሚጠየቀው እስከ አቅኚው አባት ድረስ በእናትም በአባትም ተቆጥሮ ነበር። መሬት የተንጠለጠለበት ነገር አይረሳም! በ1967 መሬት የመንግሥት ሲሆን ቆጠራው ሥራ ፈታ፣ ሽማግሌዎቹም ይዘውት መሞት ጀመሩ።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ሰባት አያት ቁጠሩ ስላቸው ሶማሌዎቹ ልጆች አብቲርሲያቸውን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያንበለብሉታል። ሂዳ የሚቆጥሩ የኦሮሞ ልጆችም አሉ። ከከዚራና ከሳቢያን የሚመጡት ብዙዎቹ ሦስተኛው ላይ ቀጥ ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ድሬ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ የቆመች ከተማ ናት፤ አያት ሥራ ፍለጋ መጣ፣ ቀዬውን ትቶ ቀረ። በሐምሌ 1998 ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ ቤቱን የወሰደበት ሰው የግድግዳ ፎቶውም የሣጥን ወረቀቱም አብሮ ሄደ። አሁን የቀረው መዝገብ አፍ ነው። አፍ ደግሞ ያረጃል።

«ዘር መቁጠር ነው ያጫረሰን» የሚለኝ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ያጫረሰን አንዱን መስመር ብቻ ይዞ ሌላውን መካድ ነው። በእናትም በአባትም ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ብትወጣ 128 ሰው ታገኛለህ። ላስት ኔም ከነሱ አንዱን ብቻ ይከተላል፣ ሁሉንም ሴቶች ይጥላል። የድሬ ልጅ 128ቱን በሐቅ ከቆጠረ «ንጹሕ ነኝ» የሚልበት አፍ አይኖረውም!

ስለዚህ ለማያውቅህ ድረ ገጽ ዶላር ከመክፈልህ በፊት አያትህ ጋ ሂድ። ስልክህን ለመቅዳት ክፈት። ስም ብቻ አትጠይቅ። ከየት ቀዬ መጡ? እናታቸውስ የማን ልጅ ናቸው? የክርስትና ስማቸው፣ የቤት ስማቸው? መታወቂያው ላይ «አባት» ተብሎ የተጻፈው ወላጅ አባት ነው ወይስ ያሳደገው አጎት? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘሏት፤ ስንት ቅርንጫፍ እዚያ ላይ ነው የሚጠፋው። ከዚያ ደብተር ላይ ጻፈው፣ ለእህትህም ለአጎትህ ልጅም ቅጂ ስጥ።

ውጭ ያላችሁም «ምንጩን ፈልግልን» ብላችሁ እኔን ከምትጠይቁ ዛሬውኑ ገንደ ቆሬ፣ መጋላ፣ ለገሃሬ ደውሉ። ስልኩን የሚያነሱት ሰውዬ 80 ዓመታቸው ነው፣ ድረ ገጹ ግን የትም አይሄድም።

እስቲ ሰባት የሚደርስ ኮሜንት ላይ እጁን ያውጣ!