ጉድጓዱ ተመረቀ፤ ጥገናውስ?

ጉድጓድ ሲመረቅ ጭብጨባው ይደምቃል፤ ጠላው ይቀዳል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከመካከላችን ከጉንደ ወይን አካባቢ የመጣነው ይህን በዓይናችን ዓይተናል። በመጋቢትና በሚያዝያ እኅቶቻችን ጀሪካን አዝለው የቆመውን ፓምፕ እያለፉ ከብት ወደሚጠጣበት ምንጭ ይወርዳሉ። እስኪመለሱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋቸዋል። ውሃው ግን እዚያው ከጉድጓዱ ሥር አለ። የታጣው የጥገና ብር ነው።

«ውሃ የእግዜር ነው፤ ለምን እንከፍላለን?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ውሃው የእግዜር ነው። ፓምፑ ግን ብረትና ጎማ ነውና ያልቃል።

በክልላችን በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2011 የገጠር ውሃ ፕሮግራም ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ «የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ» የተባለ አሠራር ተሞከረ። የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል በቀጥታ ለተጠቃሚው የውሃ ኮሚቴ ይለቀቅ ጀመር። ሲሚንቶ የሚገዛውም ግንበኛ የሚዋዋለውም ኮሚቴው ራሱ ሆነ። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ አቀረበ፤ ጉልበቱን ሰጠ። ከሁሉ በላይ ቁም ነገሩ ግንባታው ሳይጀመር የጥገና ብር በቅድሚያ እንዲቆጥብ መደረጉ ነው። ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በኮዋሽ ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 50 አባወራ በወር 10 ብር ቢያዋጣ በዓመት 6,000 ብር ይሆናል እንበል። ይሁን እንጂ ሦስት ነገር ካልተጠበቀ ከንቱ ነው። አንደኛ፣ ብሩ በገንዘብ ያዡ ቤት ሳይሆን በኮሚቴው ስም ባንክ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚንር መዋጮው በየዓመቱ ይከለስ፤ የአምናው 10 ብር የዘንድሮን ጎማ ላይገዛ ይችላል። ሦስተኛ፣ የሌላት መበለት ከውሃው አትከልከል፤ ጎረቤት ይሸፍንላት። ይህን ሁሉ ሕዝባችን በዕድሩ ያውቀዋል። ለቀብር በየወሩ የሚያዋጣ ሰው ለልጁ ጤና ማዋጣት እንዴት ያቅተዋል?

ይህ ሲባል ግን መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። ጉድጓዱ ሲደርቅ ወይም ጥልቅ ቁፋሮ ሲያስፈልግ ወጪው ከመንደር አቅም በላይ ነው። ያን ጊዜ በጀት መያዝ የመንግሥት ድርሻ ነው። ኮሚቴውም ደብተሩን ይዞ ሲቀርብ ጥያቄው ይሰማለታል።

እኛስ? ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት የምንመደብ ነን። አስተማሪ ባለበት ቀበሌ «ሒሳብ የሚጽፍ ጠፋ» መባል ነውር ነው። ኮሚቴው ሲመርጠን እሺ እንበል፤ ገቢና ወጪውን ጽፈን በየሦስት ወሩ ለሕዝቡ እናንብብ። የመደመርና የመቀነስ ትምህርታችንንም በመንደሩ ፓምፕ ደብተር እናስተምር።

ፓምፑ ሳይሰበር እናዋጣ!