አጋዘኑ የማን ነው?

ከፒያሳ አራት ኪሎ የምንመላለስ ተማሪዎች የደጋ አጋዘንን የምናውቀው በ10 ሳንቲም ላይ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ይህ አውሬ እንኳ በ1910 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት የተሰየመው በገደለው እንግሊዛዊ አዳኝ በባክስተን ስም ነው።

ዛሬም በሕግ መሠረት ፈቃድ የገዛ የውጭ አገር ሰው በባሌና በአርሲ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ድንኳን ተክሎ ያድነዋል፤ ያለ ፈቃድ የተኮሰ ገበሬ ግን ይቀጣል።

አደን ፈጽሞ ይቅር አንልም፤ በቁጥር የተወሰነ አደን የዱሩን ዘበኛ ሊቀልብ ይችላል። ነገር ግን ሰብሉን አውሬ የሚበላበት ገበሬ ከፈቃዱ ገንዘብ ድርሻውን ካላገኘ፣ ደኑን ከመመንጠር ምን ይመልሰዋል? ስለዚህ የሳይንስ ተማሪዎች የአጋዘኑን ቁጥር፣ የሕግ ተማሪዎችም የገንዘቡን መድረሻ ይመርምሩ እንላለን።