የኋላ ክንፍ፤ ለጉልበት ወይስ ለጌጥ?

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲያችን ተዘግቶ ወደየቤታችን በተመለስን ጊዜ፣ ከወረታና ከወንዛዬ አካባቢ የመጣን ስድስት ተማሪዎች በወረታ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት አንዲት ነጭ ቪትዝ መጥታ ከፊታችን ቆመች። መኪናዪቱ በየመንገዱ እንደምናያቸው ያለች ትንሽ መኪና ናት። ከሌሎቹ የምትለየው በኋላ በሯ አናት ላይ በአራት ቡሎን ታስሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ክንፍ ስለ ነበራት ነው። ጆንያ ሩዝ የተሸከመ ሰው ሳይቀር ሸክሙን እንደ ያዘ ቆሞ አያት።

ባለ መኪናው የአንደኛችን የአክስት ልጅ ነበርና ወርዶ ተቀላቀለን። ጥቂት ከተጫወትን በኋላም እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «እናንተ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ይህ ክንፍ መኪናውን መሬት ያስጨብጠዋል ይላሉ። እውነት ከሆነ ጎማዎቹን እስከ መስከረም ላቆያቸው አስቤአለሁ። ምን ትላላችሁ?»

እኛም ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «ያስጨብጣል፤ የእሽቅድምድም መኪናዎችን አላየህምን?» አልን። ግማሾቻችን «ለታይታ ነው» አልን። ክርክሩ እስኪመሽ ድረስ ዘለቀ፤ በሳቅም ተለያየን። ወንድማችን ከሁለቱ መልስ ልቡ የወደደውን ይዞ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ያች መኪና ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትመጣ ከጉማራ ድልድይ በፊት ባለው ኩርባ ላይ ተንሸራትታ ከመንገድ ወጣችና ውሃ ከሞላው የሩዝ ማሳ ውስጥ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ነገር ግን አብራው የነበረችው ታናሽ እኅቱ ክንዷ ተሰበረ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ «ክንፉ ይይዘኛል ብዬ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ይኸው ቃል ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ክንፍ በሚባለው ስም ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ይጠሩበታል። አንደኛው ከመኪናው ገላ ጋር ተጣብቆ የሚሠራውና የነፋሱን አካሄድ የሚያቋርጠው ስፖይለር ነው። ሁለተኛው ከገላው ተነሥቶ በሁለት እግር የሚቆመው እውነተኛው ክንፍ ነው። ይህኛው የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ማለት ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ነፋሱን ወደ ታች እየገፋ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ የተገለበጠው ክንፍ ደግሞ ነፋሱን ወደ ላይ እየገፋ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል።

ይህ ተረት አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ሚካኤል ማይ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በፖርሽ መኪናው ላይ እንዲህ ያለ ክንፍ አቁሞ ወደ ኑርቡርግሪንግ የእሽቅድምድም ሜዳ አመጣ። በ1966 አሜሪካዊው ጂም ሆል ቻፓራል በሚባለው መኪናው ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። በ1968 የፎርሙላ አንድ መኪናዎችም ተከተሉ። ይሁን እንጂ በ1969 በባርሴሎና በተደረገው ውድድር የግራሃም ሂልና የዮኸን ሪንት ሎተስ መኪናዎች ክንፎቻቸው ተሰብረው ሁለቱም ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ጋር ተላተሙ፤ በዚያው ወር በሞናኮ ረጃጅሞቹ ክንፎች ተከለከሉ። ክንፉ ጉልበት ባይኖረው ኖሮ ሲሰበር እንዲህ ያለ አደጋ ባላደረሰ ነበር።

ለተራ መኪናም ቢሆን የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። አውዲ ቲቲ የተባለው የጀርመን መኪና በተሸጠ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአውቶባን ላይ፣ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት እየተነዳ ሳለ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ስለ ደረሱ፣ ኩባንያው መኪናዎቹን መልሶ ጠርቶ ከኋላቸው ስፖይለር ጨመረባቸው፤ ሌላም ማስተካከያ አደረገላቸው። ስለዚህ «ክንፍ ሁሉ ከንቱ ነው» ያልነው ወገኖችም በዚያ ቀን ተሳስተን ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ «ክንፍ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ሳይሆን «በምን ያህል ፍጥነት ምን ያህል ይሠራል?» የሚለው ነው።

ይህንም በእርሳስና በወረቀት ማግኘት ይቻላል። የነፋስ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው፤ ይኸውም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስም ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ክንፉ 1 ሜትር ከ20 ርዝመትና 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ ስፋቱ በጠቅላላው የአንድ ካሬ ሜትር አምስተኛ ያህል ይሆናል። ቅርጹም እጅግ ጥሩ ነው ብለን እናዳላለት። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ነፋሷ በባሕር ጠረፍ ካለው ነፋስ አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህን ሁሉ አስገብተን ስናሰላው ክንፉ በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናውን የሚጫነው በ1.3 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። አንዲት ዶሮ ብትሰፍርበት ማለት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3 ኪሎ፣ በ80 ደግሞ 5 ኪሎ ያህል ይሆናል። በ120 እንኳ ቢነዳ 11 ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ከወረታ ገበያ እህል ገዝቶ ከኋላ የጫነ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብደት ሳያገኝ አይቀርም፤ እርሱ ግን መኪናዬ መሬት ጨበጠ ብሎ ጎማውን አያቆይም።

ሌላም ነገር አለ። ቪትዝና እርሷን የመሰሉ ትናንሽ መኪናዎች አብዛኞቹ የሚጎተቱትም የሚመሩትም በፊት ጎማዎቻቸው ነው። ክንፉ የሚቆመው ግን ከኋላ ጎማ ባሻገር ነው። በወረታ ጋሪ የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጭነት ከጋሪው ኋላ ሲበዛ ፊቱ ይነሣል። እንዲሁም ክንፉ ኋላውን በተጫነ መጠን ፊቱን በጥቂቱም ቢሆን ያቀልለዋል። ጉልበት ቢኖረው እንኳ የሚጫነው መሪውን በማይዘው በኩል ነው።

ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣው በጣሪያው ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ስፖይለር ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ መኪናውን ለመጫን የተሠራ አይደለም፤ ከጣሪያው የሚወርደው ነፋስ በደንብ እንዲለያይና ከኋላ የሚጎትተው ነፋስ በመጠኑ እንዲቀንስ ተለክቶ የተሠራ ነው። ሳይለካ ተገዝቶ በቡሎን የሚታሰረው ክንፍ ግን ብዙውን ጊዜ መጎተትን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ይህም ማለት ጥቂትም ቢሆን ቤንዚን ይበላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎማው እንመለስ። የአንዲት ትንሽ መኪና ክብደት አንድ ሺህ ኪሎ ያህል ነው እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ ደኅና ጎማ ከዚህ ክብደት 0.7 ያህሉን ወደ መያዣ ጉልበት ይለውጠዋል፤ 700 ኪሎ መሆኑ ነው። ያለቀ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ወደ 0.4 ቢወርድ 400 ኪሎ ብቻ ይቀራል። የጠፋው 300 ኪሎ ነው። ክንፉ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመልሰው የዚያን የ3 ኪሎ 0.4 ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ኪሎ ከ200 ግራም። ሦስት መቶ ጠፍቶብን አንድ ተመለሰልን ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

በጎማ ላይ ያሉት ቦዮች ለጌጥ የተቀረጹ አይደሉም። ጎማው አስፋልቱን እንዲነካ ውሃውን ከሥሩ እየገፉ የሚያስወጡ መፍሰሻዎች ናቸው። ቦዩ ሲያልቅ ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያን ጊዜ መሪው ቢዞር ፍሬኑም ቢረገጥ መኪናው አይሰማም። በአውሮፓ የቦዩ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ በሕግ የተከለከለው ስለዚህ ነው። ጉማራና ርብ በክረምት እየሞሉ በሚተኙበት በፎገራ ሜዳ ከሐምሌ እስከ መስከረም ለሚነዳ ሰው ይህ የፈረንጅ ወሬ አይደለም፤ የዕለት ጉዳዩ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ጌጥ ኃጢአት ነው ወይ? ወጣት በገንዘቡ መኪናውን ቢያስጌጥ እናንተን ምን አገባችሁ?» ይሉን ይሆናል። እኛ ጌጥ አንነቅፍም። አባቶቻችን ለጥምቀት ፈረሳቸውን በግላስና በልዩ ልዩ ጌጥ አሸብርቀው ይወጡ ነበር። የወረታ ባጃጅ ነጂም ባጃጁን በመጋረጃና በጥቅስ ያስጌጣል። ነገር ግን ፈረሱ ግላስ ስለ ለበሰ ይበልጥ ይሮጣል ብሎ ገብስ የከለከለው አባት አልነበረም። የባጃጁ መጋረጃም ፍሬን ነኝ አይልም። የክንፉ ጥፋት ጌጥ መሆኑ አይደለም፤ ጌጥ ሆኖ ሳለ የመሣሪያ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። ሻጩም ሲሸጠው «ያምራል» ብቻ አይልም፤ «ይይዛል» ይላል። ገዢውም በዚህ ቃል ተማምኖ እግሩን በቤንዚኑ ላይ ያከብዳል። አንድ ሰው አዲስ ጎማ ካሰረና ፍሬኑን ካስመረመረ በኋላ በተረፈው ገንዘብ ክንፍ ቢያቆም ወዳጃችን ነው፤ ስናየውም እናጨበጭብለታለን።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚብሰው ወቀሳ በሻጩም በገዢውም ላይ አይደለም፤ በእኛ ላይ ነው። ስድስታችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ተምረናል። የበርኑሊን ስም እናውቃለን፤ ቀመሩንም በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ማርክ ተቀብለንበታል። ከላይ ያቀረብነው ሒሳብ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነው። ያን ዕለት ግን ስንከራከር ስናመሽ ከስድስታችን አንዳችንም እርሳስ አላወጣንም። አንዱ በሥዕል ያየውን፣ ሌላው የገመተውን ሲናገር መሸ። ያልተማረው ወንድማችን የተማሩትን ጠይቆ ያገኘው መልስ ከመንገድ ወሬ የማይሻል ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሄደው እርሱ ቢሆንም፣ ላም ውላበታለች ብለን የላክነው እኛ ነን።

መምህራኖቻችንም ይህን በቅን ልቡና እንዲያዩልን እንለምናለን። ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ከዚያ ወደ ደብተር ተገልብጦ፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት ተመልሶ የሚቀር ከሆነ ትምህርቱ ከመኪናዪቱ ክንፍ በምን ይለያል? ያምራል እንጂ አይዝም።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት በአንድ ቅዳሜ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመው ፈቃደኛ የሆኑትን የታክሲና የባጃጅ ጎማዎች ጥልቀት በማስመሪያ እየለኩ ለነጂዎቹ ይንገሩ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ክንፍ ያላት አንዲት መኪና ተገኝታ አጫጭር ክር በገላዋ ላይ ተለጥፎ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ በዓይናችን እንይ፤ ያገኘነውም እዚህ ጋዜጣ ላይ ይታተም። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ የሚጠይቁንን ጥያቄ መዝግበን እንምጣና በየክፍላችን ተሰልቶ የሚመለስበት አንድ ዓምድ ይከፈት።

የወንድማችን መኪና ተጠግና ዛሬ በአዲስ ጎማ ትነዳለች። የእኅቱም ክንድ ድኗል። ክንፉን አላወለቀውም፤ «ያምርባታል» ይላል። እኛም አሁን ያምርባታል እንላለን። በሚመጣው ክረምት ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲጠይቀን ግን ከመልሳችን በፊት እርሳሳችን ይቅደም።