ቁጥርን መርምሮ ማወቅ ለማን ይጠቅማል?

ተማሪዎች ስለ አካፋይ፥ ስለ ብዜትና ስለ ብቸኛ ቁጥር ሲማሩ «ይህ ለኑሮ ምን ይረባል?» እያሉ ሲያጉረመርሙ እንሰማለን። ከፈተና በኋላ የሚረሳ፥ ቢሮ ለገባ ሰውም ፈጽሞ የማያስፈልግ ነገር አድርገው የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም እንላለን።

ምሳሌያችንን ከመርሳ እንውሰድ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጐዳና ላይ በምትገኘው በዚህች የሐብሩ ከተማ አንድ ወጣት የግብርና ሠራተኛ 91 የማንጎ ችግኝ ተረክቦ በእኩል ረድፍ እንዲያስተክል ታዘዘ እንበል። ቁጥሩን በ2፥ በ3ና በ5 ሞክሮ እምቢ ቢለው «ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ እኩል አይከፈልም» ብሎ ተጨማሪ ችግኝ ይጠብቅ ይሆናል። የክረምቱ ዝናም ግን እርሱን አይጠብቅም። አንድ እርምጃ ቢጨምር ኖሮ 91 በ7 እንደሚከፈል ባወቀ ነበር፤ 7 ረድፍ፥ በየረድፉም 13 ችግኝ ይሆናል።

ችግኞቹ 97 ቢሆኑስ? 2ም፥ 3ም፥ 5ም፥ 7ም ያለ ቀሪ አይከፍሉትም። ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር 11 ነው፤ 11 ጊዜ 11 ግን 121 ስለ ሆነ ከ97 ይበልጣል። እንግዲህ 97 ከራሱ በቀር 11 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ፥ ጓደኛው ከ11 ማነሱ ግድ ነበር፤ ያነሱትን ደግሞ አስቀድመን ፈትነናል። ስለዚህ ፈተናው እዚህ ላይ ያበቃል፤ 97 በእርግጥ ብቸኛ ቁጥር ነው። ያ ወጣት አሁን በልበ ሙሉነት 96ቱን በ8 ረድፍ አስተክሎ አንዱን ለብቻው ሊያቆም ይችላል። የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ፥ ይህ ነው የትምህርቱ ፍሬ።

ይህ ጥበብ ለተማሪ ቤት ጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ቢኖር፥ በአቅራቢያው ካለ ደብር ሄዶ መሪጌታውን ስለ ባሕረ ሐሳብ ይጠይቅ። በዚያ ሥርዓት ዕለታት በ7፥ ወንጌላውያን በ4 ዓመት፥ አበቅቴ በ19 ዓመት ይዞራሉ። የዓመቱ መባቻ ዕለትና ወንጌላዊው ተጣምረው የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው፤ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። ወንጌላዊውና አበቅቴው በ76 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህም ዐውደ ማኅተም ነው። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገጥሙት በ532 ዓመት ሲሆን ዐውደ ቀመር ተብሏል። የአጽዋማትና የበዓላት ቀመር እንዳለ የሚደገመውም ያን ጊዜ ነው።

ስለ ምን 532 ሆነ? 4፥ 7ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና፥ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው የሦስቱ ብዜት ነው፤ 4 ጊዜ 7 ጊዜ 19። በ19 ፈንታ 14 ቢሆን ኖሮ ግን 14 ራሱ የ7 ብዜት ስለ ሆነ፥ ሁሉም በ28 ዓመት ተገናኝተው ባበቃ ነበር።

የሚያሳዝነን ነገር ይህ ነው፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ የተማሪ ቤቱ ልጅ ትንሹን የጋራ ብዜት በቃሉ ያነበንባል፥ የአብነቱ ተማሪም 532ን በቃሉ ያነበንባል፤ ሁለቱ ግን አንድ ነገር እንደሚናገሩ አንዱም ለሌላው አልነገረውም። መምህሩ መሪጌታውን አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ቢጋብዝ ምን ይጐዳል? ወጣቱ ሹምስ ዝቅ ብሎ ቢጠይቅ ክብሩ ይቀንሳልን?

«ዛሬ ስልኩ ያሰላልናል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፥ ስልኩ ያካፍላል፤ ዳሩ ግን ምን በምን መካፈል እንዳለበትና መልሱ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ የሚያስበው ባለቤቱ ነው። በ5 ሞክሮ ተስፋ የቈረጠ ሰው በችግኝ ብቻ ሳይሆን በባለጉዳይም ላይ እንዲሁ ቸኩሎ «አይሆንም» ማለቱ አይቀርም።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም ተማሪውም ሹሙም «አይከፈልም» ከማለቱ በፊት እስከ መጨረሻው ይፈትን እንላለን።