ቆፈን ስንፍና አይደለም

ሰሞኑን ከሸዋ ሮቢት በሌሊት ተነሥተን ሽቅብ ስንወጣ አውቶቡሳችን የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፈ ጎማው ተነፈሰ። ጉሙ ወርዶ ፊት ያረጥባል። ረዳቱ ወጣት ነው፤ በባዶ እጁ ዳዶ ይፈታል። መፍቻው አመለጠው፤ አነሣው፤ ደግሞ አመለጠው። አንዱ ዳዶ አስፋልቱ ላይ ወድቆ ሊያነሣው ቢያጎነብስ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት፤ በሁለት መዳፉ አጣብቆ አነሣው። ይሄኔ አንድ ተሳፋሪ፣ እጁን ጋቢው ውስጥ እንደከተተ፣ «ምን ዓይነቱ ልፍስፍስ ነው!» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «የቆላ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ደገኛ ብርድ ለምዷል» አለ። ደሜ ፈላ።

«ለምዷል» ከሚሉት ጋር አልስማማም። መልመድ በአብዛኛው የሚያስታግሰው ሕመሙን ነው፤ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም። ሰውነት ሲበርደው ሙቀቱን ለልብና ለሆድ ዕቃ ያስቀራል፤ ወደ ጣት የሚወርዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። የጣት ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ገደማ ሲያንስ ቅልጥፍና ይጠፋል፤ ወደ 8 ሲጠጋ ጣት የነካውን መለየት ያቅተዋል። ክንድ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጭብጡ ራሱ ይላላል። ብረትና እርጥበት ሲጨመሩበት ይብሳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። ያ ልጅ በአንድ ዳገት 10 ዲግሪ ያህል ሙቀት ጥሎ ነው የመጣው። ደገኛም ቢሆን እጁ ያው ሥጋና ደም ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ባደረበት ፌሮ ላይ ሽቦ የሚጠመዝዙትን የቀን ሠራተኞች ጠዋት ሄዳችሁ እዩ። ሽቦው ሲቆርጣቸው አይሰማቸውም፤ ደሙን አይተው ነው የሚያውቁት። ካቦው ግን «ፍጠኑ!» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ያዛል። ጓንት ቅንጦት ነው የሚል አሠሪ ካለ አዋጁን ያንብብ።

ጓንት ካነሣሁ አይቀር፣ የመንዝ በግ ጸጉር እያለን ለምን ከሩቅ እንጠብቃለን? ባናና በርኖስ ሠርቶ ውርጭ ያሳለፈ አገር ነው። በዚሁ በጣርማ በር መንገድ ዳር የሱፍ ቆብ ለመንገደኛ ይሸጣል፤ የሻጮቹ እጅ ግን ባዶ ነው። ሱፍ ጉም ቢነካውም ሙቀት ይይዛል። ጣቱ ጫፉ ላይ ክፍት የሆነ ጓንት ቢሠራ፣ ዳዶ ለሚፈታውም ሽቦ ለሚጠመዝዘውም ይሆናል፤ ለሠሪዎቹም እንጀራ ነው። ደረትንም ማሞቅ ይገባል፤ ገላው የሞቀ ሰው ደሙ እስከ ጣቱ ይደርሳል።

ሁሉም ነገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደጅ ሥራ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ 3 ሰዓት ላይ ይጀመር፤ የጎደለው ከሰዓት በኋላ ይካካስ። ከዚያ በፊት የሚሠራ ካለ እሳትና ትኩስ ሻይ ይቅረብለት፣ እጁን የሚያሞቅበት ጊዜም ከሥራ ሰዓቱ ይቆጠርለት። ጓንት ያልሰጠ አሠሪ «እጅህ ቀርፋፋ ነው» ብሎ ከሠራተኛው ሒሳብ የመቁረጥ መብት የለውም።