ጡረታ ያለ አበል፦ በዳላስ–ፎርት ዎርዝ የፖሊስ ውሾች የእርጅና ማዕድ የማን ዕዳ ነው?

በአማርኛ «ጡረታ» የሚለው ቃል አበልን አስከትሎ ይመጣል። አንድ አገልጋይ ጡረታ ወጣ ሲባል፣ ጉልበቱን የበላው ወገን በእርጅናው ዘመን መተዳደሪያ ቆረጠለት ማለት ነው። በዳላስና በፎርት ዎርዝ ከተሞች፣ በዙሪያቸው ባሉት ካውንቲዎችና በሁለቱ መካከል በተዘረጋው ታላቅ አየር ማረፊያ ግን ከቃሉ ግማሹ ብቻ የሚደርሳቸው አገልጋዮች አሉ። ሥራ ያቆማሉ፤ የሚቆረጥላቸው የለም። እነዚህም ፈንጂና ዕፅ ሲያነፈንፉ፣ የጠፋ ሲፈልጉ፣ ያመለጠ ሲያሳድዱ የኖሩት ውሾች ናቸው።

እስከ 2019 ድረስ በቴክሳስ ሕግ ዓይን የፖሊስ ውሻ ከአሮጌ መኪናና ከተሰበረ ወንበር የተለየ ነገር አልነበረም። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብን ንብረት ለግለሰብ በስጦታ መስጠትን ይከለክላል። የአካባቢ መስተዳድሮች ሕግ ደግሞ ትርፍ የሆነ ንብረት በጨረታ እንዲሸጥ፣ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ወይም እንዲወገድ ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ከውሻው ጋር ዓመታት የሠራው ፖሊስ የሥራ ባልደረባውን ወደ ቤቱ ለመውሰድ በሕግ የተረጋገጠ መብት አልነበረውም። መቀመጫው በማኪኒ የሆነው የኮሊን ካውንቲ ሸሪፍ ጂም ስኪነር ነገሩን አጥብቀው በመያዛቸው ጉዳዩ ኦስቲን ደረሰ፤ ከዚያም ለሕዝብ ውሳኔ ቀረበ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2019 ከመራጩ ከ93 ከመቶ በላይ የሚሆነው አሥረኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ደገፈ። በዚህ ዘመን የቴክሳስ መራጭ እንዲህ የተስማማበትን ሌላ ጉዳይ መፈለግ አድካሚ ሥራ ነው።

ማሻሻያው የመለሰው የባለቤትነትን ጥያቄ ነው፤ የወጪውን ጥያቄ አልነካውም። እንዲያውም አባሪ ሆኖ የወጣው ሕግ ውሻውን የሚረከበው ሰው ምግብ፣ መጠለያና ተገቢ የእንስሳት ሕክምና እንዲያቀርብ በውል ያስገድደዋል። ግዴታው በጽሑፍ ሰፈረ፤ ገንዘቡ ግን ከፖሊሱ ደመወዝ ይወጣል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይሰጠው» ያለው ስጦታ ለተቀባዩ የዓመታት ወጪ ሆኖ መጣ።

በፌዴራል ደረጃ ያለው ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2000 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ የጦር ሠራዊት ውሾች ከአገልግሎት ሲሰናበቱ ለአሳዳጊ እንዲሰጡ ፈቀደ። ስሙ የተወሰደው ሮቢ ከተባለ ማሊንዋ ሲሆን፣ ሮቢ ራሱ ከሕጉ ሳይጠቀም ሞተ። ከዚያ በፊት የአብዛኞቹ ዕጣ በመርፌ መገደል ነበር። ዛሬ ውሾቹ ይተርፋሉ፤ የእርጅናቸው ወጪ ግን በአብዛኛው በአሳዳጊው ትከሻ ላይ ነው።

ውሻው ይዞት የሚወጣው ምንድን ነው?

ከሥራ የሚሰናበት ውሻ ብዙ ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። አጥር ዘሎ፣ ከመኪና ወርዶ፣ በነሐሴ ሙቀት በጋለ ኮንክሪት ላይ ሮጦ የኖረ አካል ነው። የዳሌና የክርን አርትራይተስ፣ በጀርመን ሼፐርድ ላይ ደግሞ የታችኛው አከርካሪ ነርቭ መጨናነቅ፣ ለእንስሳት ሐኪሞች የታወቁ ጉዳቶች ናቸው። እነዚህን ሥራው ያመጣቸው ወይም ያባባሳቸው ናቸው። አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉልበቱ ቢጎዳ አሠሪው አይመለከተኝም ለማለት አይደፍርም።

ከስንብቱ በኋላ የሚመጣው አደጋ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ከሳህኑ ይጀምራል። የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች የአንድን ውሻ የዕረፍት ጉልበት ፍላጎት የሚያሰሉት ክብደቱን በኪሎ ወስደው፣ 0.75 በሚል ኃይል ከፍ አድርገው፣ በ70 በማባዛት ነው። ሠላሳ ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። በሥራ ላይ ያለ ውሻ እንደ ሥራው ክብደት የዚህን ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የተኮላሸና ቤት የዋለ አዛውንት ውሻ የሚያስፈልገው ግን 1,250 ገደማ ነው። ሰኞ በሥራ ላይ የነበረ፣ ማክሰኞ ሶፋ ላይ የተኛ ውሻ ያንኑ ስፍር ምግብ ቢቀጥል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የታመመው ዳሌ ተጨማሪ ኪሎ ይሸከማል። ፖሊሱ በፍቅር ያበላዋል፤ ልጆቹም ከጠረጴዛው ያቀብሉታል። ስለ አዲሱ ስፍር አንድ ገጽ ጽሑፍ ከቢሮው ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

የክብደት ነገር የግምት ጉዳይ አይደለም። በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታተለ፤ ከየጥንዱ አንዱ ከጓደኛው 25 ከመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። ጥቂት የበሉት መካከለኛ ዕድሜያቸው 13 ዓመት፣ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ሆኖ ተገኘ። የአርትራይተስ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም ዓመታት ዘግይቶ ነበር። (ጥናቱን ያካሄደው የውሻ ምግብ አምራች ነው። «ጥቂት አብሉ» የሚል መደምደሚያ ለአምራቹ ገበያ የማይበጅ በመሆኑ፣ ይህ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጥርጣሬን ሳይሆን እምነትን ይጨምራል።) በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አርትራይተስ ያለባቸው ወፍራም ውሾች ከክብደታቸው 6 ከመቶ ያህሉን ብቻ ሲቀንሱ ማነከሳቸው በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሠላሳ ስድስት ኪሎ ሁለት ኪሎ ከሩብ መቀነስ ማለት ነው። ለዚህ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ የኩሽና ሚዛንና የሚከታተል ሐኪም ይበቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት መታረም አለበት። አዛውንት ውሻ ፕሮቲን ይቀነስለት የሚለው ምክር ዛሬም በብዙዎች አፍ ይገኛል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ አዛውንት ውሻ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ በቂ፣ ምናልባትም ከወጣትነቱ የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። መቀነስ ያለበት ጉልበት ሰጪው ትርፍ ነው። የሳህኑን ይዘት ሳይለውጡ ስፍሩን በግማሽ መቁረጥ ደግሞ ቫይታሚኑንና ማዕድኑንም አብሮ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ዓይነቱንም መቀየር ያስፈልጋል። ይህን የደም ምርመራ ካየ ሐኪም በቀር ማንም በርግጠኝነት ሊወስን አይችልም። ለዚያም ነው ጉዳዩ ለግለሰብ በጎ ፈቃድ ሊተው የማይገባው።

የእንክብሎቹ ገበያ

መንግሥት የተወውን ክፍተት ገበያ ይሞላዋል። ውሻው ሲያነክስ ያየ ፖሊስ ወደ መደብር ሲሄድ ግድግዳ ሙሉ ማሰሮና ከረጢት ይጠብቀዋል፤ በብዛት የሚገፋበትም ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ነው። በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ የእነዚህን ሁለት ንጥረ ነገሮች ጥቅም ማረጋገጥ አልቻለም፤ ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይመከሩም አሳሰበ። ያው ግምገማ ለኦሜጋ-3 ቅባቶች ግን ጠንካራ ማስረጃ አግኝቷል። ቀደም ሲል በ131 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናትም የዓሣ ዘይት የበዛበት ምግብ የበሉት ውሾች የካርፕሮፌን ማስታገሻ መጠናቸው በፍጥነት ሊቀነስላቸው እንደቻለ አሳይቶ ነበር።

ይሁንና ኦሜጋ-3ም በዘፈቀደ የሚሰጥ አይደለም። ለአርትራይተስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መጠን ለሠላሳ ኪሎ ውሻ በቀን ወደ 4 ግራም የኢፒኤና የዲኤችኤ ድምር ይደርሳል። ከሰው መድኃኒት ቤት የሚገዛው የተለመደ እንክብል 300 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ስሌቱ በቀን አሥራ ሦስት እንክብል ነው፤ ከዘይቱ ብቻ ከ110 በላይ ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም የአዛውንቱን የቀን ድርሻ አንድ አሥረኛ ገደማ። ካልተቀነሰለት ዘይቱ ራሱ ያወፍረዋል። መጠኑ ሲያልፍ ተቅማጥ ያመጣል፣ የደም መርጋትንም ሊያውክ ይችላል። በቴክሳስ በጋ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ የዓሣ ዘይትም ይሻግታል። አንድ እንክብል በቀን የሚሰጥ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ያወጣል፣ ጥቅሙን ግን አያይም።

ሕጉ እዚህም ላላ ያለ ነው። የሰዎችን ተጨማሪ ንጥረ ምግቦች የሚመለከተው የ1994ቱ ሕግ እንስሳትን እንደማይሸፍን የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1996 አስታውቋል። ስለዚህ የውሻ እንክብል በሕግ ፊት ወይ መኖ ወይ መድኃኒት ነው፤ በተግባር ግን ከሁለቱም ሸሽቶ ይሸጣል። ቴክሳስ የራሷ መሣሪያ አላት፦ ኮሌጅ ስቴሽን የሚገኘው የግዛቲቱ ኬሚስት ጽሕፈት ቤት የውሻ ምግብን ጨምሮ የመኖን ይዘትና ምልክት ይቆጣጠራል። ይህ ተቋም በመደርደሪያ ላይ ያሉ የመገጣጠሚያ እንክብሎችን ናሙና ወስዶ፣ በምልክቱ ላይ የተጻፈው በውስጡ መኖሩን መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያወጣ ሕግ አውጪዎች ሊጠይቁት ይገባል።

ፍሎሪዳ የጀመረችው፣ ያጎደለችውም

ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ ለተሰናበተ የፖሊስ ውሻ አሳዳጊ በዓመት እስከ 1,500 ዶላር የሕክምና ወጪ ትመልሳለች። ክትባት፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰር ሕክምና፣ እንዲያውም የአስከሬን ማቃጠል በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በሐኪም የታዘዘ ምግብ ግን በስሙ አልተጠራም። ይህ እንግዳ አስተሳሰብ ነው፤ ውሻው ሲሞት የማቃጠያው ይከፈላል፣ በእግሩ እንዲቆም የሚያደርገው ማዕድ ግን ቦታ አላገኘም። ቴክሳስ የፍሎሪዳን ሕግ ስትቀዳ ይህን ጉድለት አብራ እንዳትቀዳ ያስፈልጋል።

የተቃዋሚዎች ክርክር የታወቀ ነው። «ግብር ከፋዩ የውሻ ምግብ ይግዛ?» ይላሉ። ግብር ከፋዩ ውሻው በሥራ ላይ ሳለ ሲገዛለት ኖሯል፤ ጥያቄው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ለምን ያቆማል የሚል ነው። «በጎ አድራጊዎች አሉ» የሚሉም አይጠፉም። አሉ፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን ሰው የሚለግሰው ፎቶግራፉ ልብ ለሚነካ ቀዶ ሕክምና ነው። በየወሩ በሚዛን ለሚሰፈር ደረቅ ምግብ ገንዘብ ማሰባሰብ ከዚያ ይከብዳል። «ፖሊሱ ወድዶ ወሰደው» የሚለው ሦስተኛው ክርክር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ታማኝነትን ለቅጣት ያደርገዋል።

በዳላስ አካባቢ ለሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ ቅንጦት መስሎ ሊታየው ይችላል። እኛ አገር ውሻ በር ላይ ያድራል፣ ትርፍራፊ ይበላል። ነገር ግን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የሁለት ወገን ውል ነው፤ የሚጮኸውም አለ፣ የሚያበላውም አለ። እነዚህ ውሾች ድርሻቸውን ፈጽመዋል።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የዳላስም የፎርት ዎርዝም የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ውይይቱ የሚካሄደው በበጋው ማብቂያ ነው። በየፖሊስ መምሪያው የውሾች ክፍል በጀት ውስጥ ለእያንዳንዱ ተሰናባች ውሻ የስንብት ምርመራ፣ ከዘጠኝ ነጥብ የሚሰጥ የሰውነት ይዞታ ውጤት፣ የጽሑፍ የአመጋገብ ዕቅድና በየስድስት ወሩ ክትትል የሚይዝ አንድ መስመር ማስገባት ይቻላል። የግዛቲቱ ምክር ቤት በጎዶሎ ዓመታት ለ140 ቀናት ሲሰበሰብ ደግሞ፣ የወጪ መመለሻ ረቂቅ የሚያዘጋጁ የሕግ አውጪ ረዳቶች በ«የእንስሳት ሕክምና» ትርጉም ውስጥ ይህን ሐረግ ይጨምሩ፦ «ፈቃድ ባለው የእንስሳት ሐኪም የታዘዘ ምግብና በማስረጃ የተደገፈ ተጨማሪ ንጥረ ምግብ»። «በማስረጃ የተደገፈ» የሚሉት ቃላት ከረቂቁ እንዲወጡ ግፊት ይመጣል፤ የእንክብል ሻጮች ኦስቲን ድረስ መንገዱን ያውቁታል። እነዚያ ቃላት ከወጡ ገንዘቡ ከውሻው ሳህን ይልቅ ወደ መደርደሪያው ይሄዳልና፣ አክቲቪስቶች በኮሚቴ ችሎቱ ላይ ተገኝተው ሊሟገቱላቸው የሚገባቸው እነዚህኑ ነው።